መቅደላ ከበሽሎ ሲታይ

ስለ መቅደላ ወሬ ሲነሳ ሁላችንም ቀጥ ብለን ወደ መጨረሻዋ ቀን እንሄዳለን። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ ሽጉጣቸው። ይህ ታሪክ ተነግሮ አያልቅም፣ ሊያልቅም አይገባም። ዛሬ ግን ስለ ቦታው ባወራ ደስ ይለኛል። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ገደሉ፣ ስለ ሸለቆው፣ ከአምባው ሥር ስለሚያርሰው ገበሬ። አንድ ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ጥያቄ አለ። አይደፈርም የተባለ አምባ እንዴት በአንድ ከሰዓት በኋላ ተያዘ? መልሱን ጠመንጃና መድፍ ላይ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ነው የሚያገኘው። ግማሹ ያለው በአምባው ዙሪያ ነው።

መቅደላ ደቡብ ወሎ ውስጥ ነው፤ ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ። ዛሬ እዚያ ያለችው ትንሽ ከተማ አምባ ማርያም ትባላለች። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል። ቁጥሩ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። እንጦጦ ከዚያ ይበልጣል፤ እንጦጦን ግን ማንም በእግሩ ይወጣዋል። መቅደላን ከባድ ያደረገው ከጎኑ ያለው ጥልቀት ነው። በሰሜን በኩል የዓባይ ገባር የሆነው በሽሎ ወንዝ አለ። ከአምባው ጫፍ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ከወንዙ ማዶ የደላንታ ደጋ እንደገና ሽቅብ ይነሳል። ደላንታ ጫፍ ላይ ቆሞ መቅደላን የሚያይ ሰው እጁን ቢዘረጋ የሚነካው ይመስለዋል። በእግሩ ሲሞክረው ግን ወርዶ መውጣቱ ቀኑን ይበላዋል።

ይህ መልክ እንዴት መጣ? ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ የምንለው ምድር ተሰነጣጠቀ። ከስንጥቁ ቅልጥ አለት ወጣ። አንድ ተራራ አናቱ ላይ ፈንድቶ የተፋው ዓይነት አልነበረም። በረጅም ስንጥቆች እየወጣ በሰፊው ሜዳ ላይ የተንጣለለ ነበር። ፈሰሰ፣ በረደ፣ ደረቀ። ቆይቶ ሌላው በላዩ ፈሰሰ። በመካከል ደግሞ የእሳተ ገሞራ አመድ እየዘነበ ተጠቀጠቀ። አብዛኛው ፍሰት ያለቀው በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው ይላሉ የሥነ ምድር ባለሙያዎች። ለምድር ይህ አጭር ጊዜ ነው። በአንዳንድ ቦታ ውፍረቱ እስከ 2,000 ሜትር ይደርሳል። በመሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ አስቡት፤ ልዩነቱ እዚህ አንዱ ንብርብር ድንጋይ፣ ሌላው ልል መሆኑ ነው።

ሙሉው ምስጢር ያለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ጠንካራው ንብርብር ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ነው። ሲበርድ ይኮማተርና ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሲናድም ቀጥ ብሎ ነው የሚናደው። ያ ነው ገደሉ። ልሉ ንብርብር ደግሞ በዝናብ እየተሸረሸረ ዘንበል ያለ መሬት ይሆናል። ያ ነው እርሻው። ምድሪቱ ከፍ እያለች ስትሄድ ዓባይና ገባሮቹ ደግሞ ወደ ታች ይቆርጡ ነበር። በሽሎም የራሱን ድርሻ ቆረጠ። ወንዞቹ ከሁለት በኩል እየበሉ ሲመጡ ከደጋው የተነጠለ ቁራጭ ይቀራል። አናቱ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ደግሞ የሚታረስ ዝቅ ያለ እርከን። አምባ የምንለው ይህን ነው። ማንም አልገነባውም፤ የሠራው ውኃ ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ላንሳ። ደላንታ ላይ ዛሬ ገበሬዎች ከገደል ጎን እየቆፈሩ የሚያወጡት ኦፓል የሚገኘው በእነዚሁ ንብርብሮች መካከል፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ በተሠራ አንድ ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው። ወገል ጤና አካባቢ ያለው ሰው ንጣፉን እየተከተለ ገደሉን ይፈለፍላል። አደገኛ ሥራ ነው። አምባዎቹን የሠራውና ዛሬ ኦፓሉን የሚሰጠው አንድ ታሪክ መሆኑ ይደንቀኛል።

እንዲህ ያለውን ቦታ አባቶቻችን ቶሎ ነው የተረዱት። ደብረ ዳሞ እስካሁን በገመድ ነው የሚወጣው። ገዳሙ አናት ላይ ውኃ የሚጠራቀምባቸው ከዓለት የተፈለፈሉ ጉድጓዶች አሉ፤ ውኃ የሌለው አምባ ወጥመድ ነውና። ግሸን፣ እሱም እዚሁ ወሎ አምባሰል ውስጥ፣ ለረጅም ዘመን የነገሥታቱ ወንድ ልጆችና ወንድሞች የሚጠበቁበት ነበር። ዙፋን ይገባኛል የሚል ሰው በየጊዜው እንዳይነሳ የንጉሡን ዘመዶች አንድ በር ባለው ተራራ ላይ ማስቀመጥ ጭካኔም ዘዴም ነበር። በኋላ በጎንደር ዘመን ይኼው ሥራ ለወህኒ አምባ ተሰጠ። አንድ አምባ በአንድ ጊዜ ምሽግ፣ እስር ቤት፣ ግምጃ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል። መቅደላም አራቱንም ነበር።

አፄ ቴዎድሮስ መቅደላን የያዙት በነገሡ በዓመቱ፣ በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ወሎን ሲያስገብሩ ከወሎ ገዥዎች እጅ ወሰዱት። ቦታውን መምረጣቸው የጦር ሰው ዓይን እንደነበራቸው ያሳያል። አቀማመጡን አንድ በአንድ እንየው። ከበሽሎ ሲወጣ መጀመሪያ የሚገኘው አሮጌ የሚባል ሜዳ ነው። ከአሮጌ በላይ ፋላ የሚባል ከፍታ አለ። ከፋላ ቀጥሎ ዝቅ ያለ ማገናኛ፣ ከሱ ቀጥሎ ሥላሴ የሚባል ሌላ ከፍታ። ከሥላሴ ወዲያ እስላምጌ የሚባል ጠባብ ሜዳ ይመጣና መጨረሻ ላይ መቅደላ ራሱ ብቻውን ይቆማል። በሰሜን በኩል ኮኪት በር፣ በደቡብ በኩል ካፊር በር። ሌላው ገደል ነው። ጠላት መቅደላን ለመንካት መጀመሪያ በሽሎን መሻገር፣ ከዚያ አሮጌን፣ ከዚያ ፋላንና ሥላሴን ማለፍ አለበት። እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ምሽግ ነው።

ታዲያ የአምባው አናት ሰፊ አይደለም። ከጫፍ ጫፍ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። እዚያ ላይ የሚበቅል እህል ሠራዊት አይመግብም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠነክረው። አምባ ራሱን አይመግብም። የሚመግበው ዙሪያው ነው።

የመቅደላ ዙሪያ ደግሞ ሀብታም ነው። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ቆላም ወይና ደጋም ደጋም አለ። ደላንታና ተንታ ላይ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ ይዘራል። ወረድ ሲባል ጤፍ ይመጣል። ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲጠጋ ማሽላ። ከብቱ በየወቅቱ ሽቅብና ቁልቁል ይነዳል። የደጋው ሰው ካጣ የቆላው ይኖረዋል፤ የቆላው ካጣ የደጋው። ገበያው የሚቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ይህን አገር በፍቅር የያዘ ገዥ አምባው ላይ ዓመት ቢቀመጥ አይራብም። የጠላትን እንቅስቃሴም ቀድሞ ይሰማል፤ እረኛው፣ ነጋዴው፣ ውኃ ቀጂዋ ሁሉ ወሬ ያደርሱለታል። ይህን አገር ያስቀየመ ገዥ ግን ገደሉ ለራሱ ይዞርበታል። ለጠላት መግቢያ አንድ በር ብቻ ከሆነ ለሱም መውጫው አንድ በር ብቻ ነው።

የቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት በዚህ መነጽር ሲታዩ በጣም ያሳዝናሉ። ሰውዬው ሲነሱ ያሰቡት ትልቅ ነገር ነበር። ሠራዊቱ ገበሬውን እንዳይዘርፍ፣ ደመወዝ እንዲያገኝ፣ መሳፍንቱ በየአምባቸው ተቀምጠው አገሪቱን እንዳይከፋፍሉ። ግን ገንዘቡ አልመጣም። አመጹ ግን መጣ። በጎጃም ተድላ ጓሉ ጅበላ አምባ ላይ መሸጉ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ጎጃምን ደጋግመው ቢዘምቱበትም አላስገበሩትም። ሠራዊት ደግሞ ካልተከፈለው መብላት አለበት። የሚበላው ከገበሬው ጎተራ ነው። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ራሷ ተዘርፋ ተቃጠለች። በጌምድር፣ የራሳቸው መነሻ አገር፣ ፊቱን አዞረባቸው።

በመቅደላ ሥር ያለው ወሎም ቁስል ነበረው። በ1857 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የሸዋው ምኒልክ አሥር ዓመት ከታሰሩበት መቅደላ በሌሊት አመለጡ። ተሸሽገው ያለፉት በወሎዋ ገዥ በወርቂት ግዛት ነው። የወርቂት ልጅ ግን መቅደላ ላይ ታስሮ ነበር። ቴዎድሮስ በንዴት እሱንና ሌሎች የወሎ እስረኞችን አስገደሉ። ያንን ቀን ከአምባው ሥር የሚኖር ሰው የረሳው አይመስለኝም። አንድ ምሽግ በገደሉ ሥር ባለው ሕዝብ ዘንድ ጠላት ሲሆን ከዚያ ወዲያ ምን ዋጋ አለው?

እንግሊዝን የጠራው ነገር የታወቀ ነው። ለንግሥት ቪክቶሪያ የተጻፈው ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ቴዎድሮስ ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ፤ ሊያስፈታ የተላከው ራሳምም ታሰረ። እስረኞቹ መጨረሻ መቅደላ ተቀመጡ። ጄኔራል ናፒየር 13,000 ገደማ ወታደር ይዞ ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወረደ። ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖችም ነበሩ። ከባሕር ጠረፍ እስከ መቅደላ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተራራ ነው። ይህን ያህል ሰውና እንስሳ በባዕድ አገር ምን ይበላል?

መልሱ ጠገራ ብር ነው። እንግሊዞች የማርያ ቴሬዛ ብር ቪየና ድረስ አስመትተው አመጡ። በየደረሱበት ገብሱን፣ ዱቄቱን፣ ድርቆሹን፣ ማሩን ገዙ፤ ከፈሉ። ለብዙ ዓመት ሠራዊት ሲመጣ ጎተራ መደበቅ የለመደ ገበሬ አሁን ሠራዊት ሲመጣ ገበያ ወጣ። በትግራይ ካሳ ምርጫ፣ በኋላ አፄ ዮሐንስ የሆኑት፣ መንገድ ሰጡ፤ እህልም እንዲገኝ አደረጉ። ዋግሹም ጎበዜም አልተከላከሉም። ብዙ ሰው ይህን በክህደት ብቻ ይተረጉመዋል። እኔ እዚያ ላይ አልቸኩልም። ገበሬው አገሩን ሸጠ ከማለታችን በፊት ያን ጊዜ ከማን እጅ ምን ደርሶበት እንደነበር መጠየቅ አለብን። እንግሊዞቹም ለፍቅር እንዳልመጡ መጨረሻው አሳይቷል።

በዚሁ ጊዜ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ እየሄዱ ነበር። መስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከተማዋን አቃጥለው ተነሱ፤ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ምክንያቱ መድፎቹ ናቸው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ብቻውን 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። በሰው ጉልበት ነው የተጎተተው። ለሱ ሲባል ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ገደል እየተጠረበ መንገድ ተሠራ። ቴዎድሮስ ራሳቸው እጃቸውን ሰብስበው አልቆሙም፤ ከሰዎቻቸው ጋር ድንጋይ ያነሱ ነበር። መንገዱ በደላንታ በኩል ወደ በሽሎ ወርዶ እንደገና ወደ መቅደላ ይወጣል። ዛሬ ያንን ሸለቆ የሚያይ ሰው 7 ቶን ብረት እንዴት ወርዶ እንዴት እንደወጣ ማሰብ ያቅተዋል።

ከሁሉም የሚያመኝ ግን ሌላ ነው። ናፒየር ሸለቆውን የተሻገረው በዚያው መንገድ ነው። የእንግሊዝ መሐንዲሶች ሥራውን አድንቀዋል። ከመቅደላ መከላከያዎች ሁሉ ትልቁ በሽሎ ነበር። ንጉሡ ለመድፋቸው ሲሉ በገዛ እጃቸው ከፈቱት። ያ መንገድ የአንድ ትልቅ ሰው ትልቅ ሥራ ነው፤ ምሽጉንም የከፈተው እሱ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ ውጊያው አሮጌ ላይ ሆነ። ከፋላ ላይ ሆነው የሚያዩት የቴዎድሮስ ሰዎች ከሸለቆው የሚወጣ የጭነት ከብት ተመለከቱ። ያለ ጠባቂ መሰላቸው። ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን ይዘው ወረዱ። ምሽግ ትተው ሜዳ ላይ መውረድ ማለት ነው። ከፊታቸው የጠበቃቸው ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ነበር፤ አንድ የእኛ ወታደር አንዴ ተኩሶ እስኪያጎርስ እነሱ ደጋግመው ይተኩሳሉ። ገብርዬ ወደቁ። ከእኛ 700 ገደማ ሰው ሞተ፤ ቁስለኛው ከዚያ ይበልጣል። ከእንግሊዝ በኩል የቆሰለው 20 ሰው ነው፤ ከነዚያ ውስጥ ሁለቱ ሞቱ። አምባ የተፈጠረው ለጦርና ለጎራዴ ዘመን ነው። ለጥይት ቢሆን ለቅርብ ጥይት ነው። ይህን መካድ አይቻልም።

ቢሆንም መቅደላ ራሱ ገና አልተነካም ነበር። ፋላም ሥላሴም ገና አልተያዙም። ልብ ያለው ሠራዊት ቢኖር ቀናት፣ ምናልባት ሳምንታት መቆየት ይቻል ነበር ብዬ አምናለሁ። ለእንግሊዝ ደግሞ ጊዜ ጠላት ነበር፤ ክረምቱ እየመጣ ነው፣ በሽሎ ሊሞላ ነው። ግን ሠራዊቱ ልቡ ተሰብሯል። እስረኞቹ ተለቀቁ። ቴዎድሮስ በሌሊት በካፊር በር በኩል ወጥተው ለመሄድ ሞከሩ። ወታደሩ አልከተልም አለ። በደቡብ በኩል ደግሞ ሌላዋ የወሎ ገዥ መስተዋት ሰዎቿን አሰልፋ መሸሻውን ይዛለች። የሚሄዱበት አገር አልነበረም። ተመለሱ። የቀሩትን ሰዎቻቸውንም አሰናበቱ።

በፋሲካ ማግስት እንግሊዞች ፋላንና ሥላሴን ያለ ውጊያ ያዙ። ከሰዓት በኋላ ኮኪት በርን ደበደቡ። በሩ ከውስጥ በድንጋይ ተደፍኗል። የሚገርመው፣ በሩን የሚያፈርሱት መሐንዲሶች ባሩዱንና መሰላሉን ረስተው መጥተዋል። እግረኞቹ በጎን በኩል አጥሩ ላይ ተንጠላጥለው ገቡ። እስቲ አስቡት፤ በሩን የሚጠብቁ ጥቂት መቶ ቆራጥ ሰዎች ቢኖሩ ይህ ይሆን ነበር? ውስጥ የቀሩት ግን ጥቂት ታማኞች ብቻ ነበሩ። ቴዎድሮስም እጃቸውን አልሰጡም።

ከዚያ የሆነው ዝርፊያ ነው። በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና በግምጃ ቤቱ የተከማቸው ታቦት፣ መጽሐፍ፣ ዘውድ፣ ጽዋ ተጫነ። 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈለገው። ደላንታ ላይ በጨረታ ተሸጠ። ከብራናዎቹ 350 ገደማው ለንደን ገባ። ሰባት ዓመት የሆነው ልዑል ዓለማየሁ ተወሰደ፤ በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ። አምባው ላይ የነበረው ቤት ሁሉ ተቃጠለ። ቅርሱ ወደ ቦታው መመለስ አለበት፤ በዚህ ላይ ሁለት አሳብ የለኝም።

ሴባስቶፖል ግን ቀረ። ማንም ሊሸከመው አልቻለም። ዛሬም አምባው ላይ አለ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።

መቅደላን ለማየት የምትሄዱ ካላችሁ ከተቻለ በደላንታ በኩል ሂዱ። መጀመሪያ ማዶውን ቆማችሁ ንብርብሩን እዩ፤ ገደል፣ እርከን፣ ገደል፣ እርከን። በየእርከኑ ላይ ያለውን ማሳና ጎጆ ቁጠሩ። አምባው ላይ ሆናችሁ ፎቶ ብቻ ተነስታችሁ ከተመለሳችሁ ግማሹን ሳታዩ ቀራችሁ።

የአምባው ታሪክም በ1860 አላበቃም። ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም.፣ ከዙፋን የተነሱት ልጅ ኢያሱ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ከተሸነፉ በኋላ መጥተው የመሸጉት እዚሁ መቅደላ ነው። የሸዋ ጦር ከበባቸው። ጠመንጃው ከቴዎድሮስ ጊዜ እጅግ የተሻለ ነበር፤ መድፉም እንደዚያው። አምባው ግን ያው ነው፣ ገደሉም ያው። የተለየው ዙሪያው ነበር። ወሎ የአባታቸው አገር ነው፤ ገበሬው ከሳቸው ጋር ነበር። ከበባው ወራት ፈጀ። በመጨረሻም ክረምት ላይ ልጅ ኢያሱ ከበባውን ጥሰው ወጡ፤ ወጥተውም የወሎን ገበሬ አስከትለው እንደገና ተዋጉ።